ኮሌታ ውስጥ የቀረው ፊልም

ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል

ሱቅ ከፍቻለሁ። ጫማው ተደርድሯል። ዱባይ ተራ ገና አልሞቀም፣ ስለዚህ አንተን ገለጥኩህ ማስታወሻዬ። ትናንት ዳ. እኔን ለማግባት የላካቸው ሽማግሌዎች ለሁለተኛ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አባዬ ያችኑ ነው የሚለው፦ መጀመሪያ አባቱ በርጋ ሰውየው መሞቱን ይመን፣ ውሸታም ቤት ልጄን አልድርም።

ሰውየው እኮ የካራቴ ፊልም ሰው ነው!

ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አብዳለሁ። አባዬና የዳ. አባት ጋሼ በርጋ ድሮ እዚሁ መርካቶ አብረው ፊልም ቤት ነበራቸው። አባዬ የፊልም ማሽኑን ያንቀሳቅሳል፣ ጋሼ በርጋ ከፊት ቆመው በአማርኛ ይተርካሉ። ቻይንኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ማን ይጠይቃቸዋል? «ባዶ እግሩ» ብለው ስም ያወጡለት ፊልም ነበር። የመጨረሻውን ትግል ሁለቱ ብቻ ለሙከራ አዩት፣ ወዲያው ማሽኑ አኘከው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ መጨረሻውን የሚሰማው ከጋሼ በርጋ አፍ ሆነ፦ ባዶ እግሩ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ጠላቱን ጣለ። ጭብጨባ። አባዬ ደግሞ የለም፣ ሞቷል፣ ሕዝብ አታታል አላቸው። በዚህ ተኮራረፉ። ፊልም ቤቱ ተዘጋ፣ ዕቃው ለቆራሌው ተሸጠ። እኔና ዳ. ደግሞ በአገሩ ሌላ ሰው የጠፋ ይመስል ተዋደድን።

ደምበኛ መጣ። ቁጥር 38 ትፈልጋለች።

ኅዳር 9፣ ምሳ ሰዓት

ዳ. ኢንተርኔቱን ሲያተራምስ ከረመ። ውጭ አገር ያለ የድሮ ካራቴ ፊልም ሰብሳቢ መለሰለት። ታሪኩን ሲነግረው አወቀው፤ ቅጂው ግን የትም የለም፣ ስንዝር እንኳ ብታገኙ ንገሩኝ አለ። ዳ. ደስታውን አልቻለውም፣ የእኛ ሰፈር ፊልም በዓለም ብርቅ ሆነ ብሎ።

ሰብሳቢው ለፊልሙ ጓጓ፣ እኔ ለባሌ። ፍለጋው ግን አንድ ነው። ወሰንኩ፣ እፈልገዋለሁ።

ኅዳር 15

ምናለሽ ተራ። እግሬ አለቀ። ብረት፣ ጎማ፣ ጠርሙስ፣ ያልተፈታ ነገር የለም። ፊልም ስላቸው የሞባይል ስክሪን ላስቲክ ያመጡልኛል።

ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እትዬ ፊት ክብ ቆርቆሮ አየሁ። ክዳኑ ላይ የቻይና ጽሑፍ! ልቤ ዘለለች። ከፈትኩት፣ ኮረሪማ። ውስጡ የነበረው የፊልም ሪባንስ? ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «ሪባኑንማ ልብስ ሰፊ ነው የሚወስደው፣ የኔ ልጅ። ለኮሌታ!»

ቆርቆሮውን ከነኮረሪማው ገዛሁ። እማዬ ብቻ ተደሰተች።

ኅዳር 22፣ ከሰዓት

ልብስ ሰፊውን ጋሼ ሱልጣንን አገኘኋቸው። ከሶማሌ ተራ ጀርባ፣ ያኔም ዛሬም እዚያው ሲንጀር ላይ። ነገሩ እውነት ነው። በዚያን ጊዜ የኮሌታ ማጠንከሪያ አይገኝም፣ የፊልም ቁራጭ ግን ቢታጠብ ቢታጠብ አይታጠፍም። ሌላው ሰፊ በሙቅ ውሃ አሽቶ ሥዕሉን ያስለቅቃል። እሳቸው ትዕግሥት ስለሌላቸው ከነሥዕሉ ይሰፉታል። አላህ ትዕግሥት ነስቶዎት ኑሩልኝ አልኳቸው።

ከዚያ ጉዱ መጣ። ማሽኑ ያኘከውን መጨረሻ ያመጣላቸው ራሱ አባዬ ነው! አይረባም፣ ለኮሌታ ይሁንህ ብሎ። ያኔ ገና አልተጣሉም። ለዚያ ዓመት መስቀል እሱና ጋሼ በርጋ ከአንድ ጣቃ ሸሚዝ አሰፍተዋል፣ ኮሌታውም በዚያው ቁራጭ። አባዬ ማስረጃውን አንገቱ ላይ አስሮ አገር ቤት ሄዷል ማለት ነው።

እስከ ቤት ድረስ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ።

ታኅሣሥ 1፣ ጠዋት

ሸሚዙ አለ! እማዬ ሳጥን ውስጥ። ቡናማ፣ ባለ መስመር፣ ኮሌታው የአህያ ጆሮ ያክላል። ምላጭ ሳነሳ እማዬ ጮኸች። ለመስቀል ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ፣ ለሠርጌም ያልሆነ ሸሚዝ እንደዚያው አልኳት።

ከሁለቱም ጫፍ ቁራጭ ወጣ። መስኮቱ ላይ ያዝኩት።

እግር።

አንድ ባዶ እግር ብቻ። ምስሎቹ በሙሉ ያው እግር። ላልቅስ ስል አባዬ ነጠቀኝ፣ መነጽሩን አድርጎ ደጋግሞ አየው፣ ፊቱ በራ። የሬሳ እግር ነው አለ። ከዚያ፣ ስሙን በደህና ሳይጠራው የኖረ ሰው፣ «በሉ በርጋን ጥሩትና መጥቶ ይየው!»

ታኅሣሥ 2፣ ማታ 12 ሰዓት

መጡ። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የራሳቸውን ሸሚዝ በፌስታል ይዘው። ሰላምታ የለም። አባዬ መስኮቱን ብቻ አሳያቸው።

ጋሼ በርጋ ቁራጩን አዩና እሱማ ሲማታ የተነሳ እግር ነው አሉ። አባዬ ሬሳ ነው ይላል። እሳቸው ምት ነው ይላሉ። የሳቸውን ኮሌታ ፈታን፣ አቧራና የጠላትየው ጀርባ። አባዬ የቆመው ገዳዩ ነው አለ። ጋሼ በርጋ ሊወድቅ ነው እንጂ አሉ። ጋሼ በርጋ ሶፋው ላይ ወጥተው ትግሉን ከነድምፁ ተረኩት፣ አባዬ እየተቃወመ ሳቀ፣ ሳቄን አትዩ ብሎ ተቆጣ። እማዬ የጾም በያይነቱ አቀረበች። እየተጨቃጨቁ ከአንድ ትሪ በሉ። አንተ የምታስታውሰው ምኑን ነው፣ አንተስ መቼ ነቅተህ አየኸው፣ እያሉ ተጎራረሱ።

እኔ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

ሲወጡ አባዬ በር ላይ፣ ሽማግሌዎችህን እሑድ ላክ፣ አንተም ና፣ ገና አልጨረስንም አላቸው።

ታኅሣሥ 6

ተፈቀደ! ሠርግ በጥር። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሬሳ ነው አሉ፣ አንዱ ምት ነው። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

ታኅሣሥ 20፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

ጋሼ ሱልጣን ደወሉ፣ ብቻሽን ነይ። የዳ.ን የሠርግ ሸሚዝ እየሰፉ ነው። ቁልፍ ሲፈልጉ ከጣሳው ሥር አንድ የተረፈ ቁራጭ አገኙ። ትልልቅ የቻይና ፊደል በምስሉ ላይ ተጽፎበታል። እንዲህ የሚጻፈው መቼም ፊልም ሲያልቅ ነው። ከፊደሉ ጀርባ ሰውየው፣ ባዶ እግሩ፣ በሙሉ አካሉ ይታያል፤ መሞት አለመሞቱ ይለያል።

አየሁት። ጋሼ ሱልጣንም አዩት። ተያየን።

ማስታወሻዬ፣ ላንተም አልነግርህም። አባዬ መነጽር አለው፣ አንተንም ገልጦ ማንበብ ይችላል።

ማጠንከሪያ ዛሬ እንደ ልብ ነው፣ ግን ይህንን በዳ. ኮሌታ ይስፉልኝ አልኳቸው። አጥብቀው። ሰብሳቢው አንድ ቀን ይደርሰዋል፣ ሁለቱ አባቶቻችን ተጨቃጭቀው ሲጠግቡ። እስከዚያ ባሌም አይሰማም።

ከሳሎን ጩኸት ይሰማል። ጋሼ በርጋ ዛሬም መጥተዋል። አባዬ ይጣራል፣ ነይ አንቺ ፍረጂን እያለ።

መጣሁ አባዬ። እኔ ምን አውቄ።