በማር የተቀበልኳቸው ልጆች

ይድረስ ለእናቴ፤

ነገሩ የተበላሸው የየዝና እናት ጎንበስ ብላ እጄን በሳመች ጊዜ ነው። "ልጄን ትልቅ ቤት ስላስገባሽልኝ እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ። እኔ የትምህርቱን መጀመር የምታመሰግነኝ መስሎኝ ፈገግ ብዬ አሜን አልኳት። የቱን ትልቅ ቤት ብዬ የጠየቅኳት አሜን ካልኩ በኋላ ነው።

ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፤ እንዲህ አድርገው አላሳደጉኝም። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎን ዝናብ ሲመጣ ያምዎት ነበርና በቆላው እንዲህ የበረታ ክረምት በደጋው እንዴት አድርጎዎት ይሆን እያልኩ ሳስብ ከረምኩ። እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ። ወባ ጥሎኝ ነበር፣ ተነሣሁ። አሁን የያዘኝ ድካም ግን በእንቅልፍ የሚወጣ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልዎ አባ እንደሆኑ አውቃለሁ። እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እርሳቸው ናቸውና፣ አባ፣ ደስ የማይል ቦታ ሲደርሱ እንዳይዘሉ አደራ።

ባሌ ዋኘው የባለቤትዎ ምስለኔ ሆኖ ወደዚህ፣ ወደ ቡለን ገበያ አጠገብ ከወረደ ሦስተኛ ክረምታችን ነው። እዚህ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። የፊደል መምህሩ የኔታ ምንውየለት ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ዳዊቱን በቃላቸው ይወጡታል፤ ፊደሉን ለልጆች የሚያሳይ ሰው ግን አልነበራቸውም። እርሳቸው "ሀ ግእዝ" ሲሉ እኔ በስንደዶ እያመለከትኩ ሁለታችን ተደምረን አንድ መምህር ሆንን። እስከ አምና ድረስ የሚመጡት ከደጋ የወረዱት ሰዎች ልጆች ብቻ ነበሩ። ባለፈው ነሐሴ ሲገባ የኔታ "የአገሩ ልጅ ያልገባበት ትምህርት ቤት የእንግዳ ማረፊያ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ መስከረም ሳይጠባ አስተርጓሚ ይዤ ወደ ሺናሻዎቹ መንደር ወጣሁ።

ቤተሰብን ለትምህርት ማዘጋጀት ምን ያህል እንደሚያደክም ማን ነግሮኝ! ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። አንዱ ቤት ስደርስ እናትየው "ልጅ ፊደል ሄደ፣ ዝንጀሮ ማን ይጠብቅ?" ትለኛለች። በቆሎው የሚደርሰው፣ ማሽላው የሚያሸተው፣ ትምህርቱም የሚጀመረው በአንድ ወቅት ነው። ሌላው ቤት አባትየው "ፊደል የቆጠረ ልጅ ዝናብ መቼ እንደሚያባራ ያውቃል?" አለኝ። አያውቅም አልኩት። "እንግዲያስ ከእኔ በምን ይበልጣል?" አለና ሚስቱ በሳቅ ወደቀች። እኔም ሳቅሁ። ሁለተኛ ቀን ስሄድ "ያቺ ዝናብ የማታውቀው መጣች" ብለው ተቀበሉኝ።

መንገድ አገኘንለት። ወፍም ዝንጀሮም በቀትር ያርፋሉና ትምህርቱ በቀትር እንዲሆን ተስማማን። የኔታ "ዳዊት በቀትር ሲደገም የት ታይቶ ያውቃል" ብለው አጉረመረሙ፤ ኋላ "ዲያብሎስ እንኳ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት እኛ ፊደል እንቆጥራለን" ብለው ራሳቸውን አሳቁ። ለየቤቱ ልጁ የሚቀመጥበት ቁራጭ ቆዳ፣ አንድ ስንደዶና በቅል ውኃ ይዞ እንዲመጣ ተናገርኩ። ልጁ በእንቅልፉ ሀ ሁ እያለ ቢቃዥ ልክፍት አይደለም፣ አትቀስቅሱት አልኳቸው። የኔታ እንደሚቆጡ፣ ግን ዓይን ስለሌላቸው ዱላቸው ብዙውን ጊዜ መሬት እንደሚመታም ነገርኳቸው።

ሁሉም ቤት የመጨረሻው ጥያቄ አንድ ነበር። ስቀመጥ አይጠይቁኝም፤ ልነሣ ስል ይጠይቁኛል። "ወስደው ቢያስቀሩብንስ?" ይሉኛል። እናቴ፣ ልጅ ያልተወሰደበት ቤት አላገኘሁም። የአንዱ እኅት፣ የአንዱ አጎት ነው፤ ነፍጥ የያዙ ሰዎች መጥተው ወደ ደጋ የወሰዷቸው። ዓመቱን አይናገሩም። "ማሽላው ቀይ በሆነበት ጊዜ" ይላሉ። ስሙን ያነሣሉ፣ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

የየዝና ሴት አያት "ልጅ አለሽ?" አለችኝ። የለኝም አልኳት። "ልጅ የሌላት የሰው ልጅ እንዴት ትጠብቅ?" አለች። ተቆጥታ አይደለም፣ መላ ስትፈልግ ነው። ከዚያም መላውን ራሷ አመጣችው። ልጆቹን በማር አጥቢልኝ አለች።

እርስዎ ልማዱን ያውቁታል፣ ለአባ ብዬ ነው የምጽፈው። አውራ ጣት ማር ይቀባና ልጁ ይጠባዋል። ከጠባው በኋላ የጡት ልጅ ነው። በእርሱ ላይ የደረሰ በእናቱ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ጳጉሜን ውስጥ፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ልጆቹ በዝናቡ ተጠምቀው ውኃው ከጠጉራቸው እየተንጠባጠበ ተሰለፉ። አንዱ ጣቴን ነከሰኝ። አንዲቱ ሴት "ዋ! የምስለኔ ሚስት ጡት ከእኛ ይጣፍጣል" ብላ ሁሉንም አሳቀች። የመጨረሻዋ የዝና ነበረች። አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ጠባችና ጣቴን ደግማ አየችው።

በዚያ ቀን አንድ ነገር ሆነ። የሆነውን እንዳለ እነግርዎታለሁ። አያትየው የዝናን በቋንቋዋ ተነሺ፣ እንሂድ አለቻት፤ እኔም "ተያት፣ ትንሽ ትረፍ" ብዬ በአማርኛ መለስኩላት። አስተርጓሚው ገና አፉን አልከፈተም ነበር። አሮጊቷ ማሩን አስቀምጣ አየችኝ። ቋንቋችንን ማን አስተማረሽ አለችኝ። ማንም አልኳት። የማን ልጅ ነሽ ስትለኝ እርስዎ የነገሩኝን ነገርኳት፤ አባቴ ደብተራ እንደነበር፣ በበሽታ ዘመን እንደሞተ። "ደብተራ" ብላ ደገመችው። ሌላ አልጠየቀችኝም። እኔም እርስዎን በዚህ ደብዳቤ አልጠይቅዎትም።

ትምህርቱ የሚጀመርበት ቀን ደረሰ። ቤተሰቦቹ ልጆቻቸውን ቅቤ ቀብተው፣ ቆዳቸውን አሸክመው በቀትር መጡ። እኔ በአጥሩ በር ቆሜ እያንዳንዱን ጎንበስ ብዬ እየተቀበልኩ ነበር። የየዝና እናት አመለወርቅ ብቻዋን መጣች። እጄን ሳመችኝ። የቀረውን ከላይ ጽፌያለሁ።

ዋኘው በጠዋት ቤቷ ሄዶ ነበር። ከጌታ፣ ከባለቤትዎ ዘንድ የአዲስ ዓመቱን እጅ መንሻ ሊወስዱ የመጡትን ሰዎች አስከትሎ፣ "የጡት እናቷ ከትልቁ ቤት ገብታ እንድትማር ሰጥታታለች" አላቸው። በእኔ ስም ነው ያላቸው። አመለወርቅ ደስ ብሏት ልጅቷን አጠበቻት፣ ንፍሮ ቋጠረችላት። "እንዳንቺ ሆና እንድትመለስ" አለችኝ፤ እጄን እንደያዘች።

ሮጥኩ። ጭነቱ ገደሉን ከዞረ ቆይቷል አሉኝ። ዋኘው ቤት ተቀምጦ እግሩን ይታጠብ ነበር። ልጄን የት አደረስካት አልኩት። "ልጄ አልሽ? መልካም። ያንቺ ከሆነች የቤቴ ናት። ከቤቴ ያለውን ለጌታዬ ብልክ ማን ይጠይቀኛል?" አለኝ። ደግሞም ሳቀብኝ። "ጌታ ቀልጣፋ ልጅ ይወዳሉ። አንቺ ራስሽ አይደለሽ ቀልጣፋ ናት ያልሽኝ?" አለ። እውነት ነው፣ ብዬዋለሁ። ልጅቷ አጥር ላይ ተንጠላጥላ የኔታን በመስማት ብቻ ከሀ እስከ ሆ ስትወጣው ሰምቶ ማን ናት ቢለኝ፣ ኮርቼ ነገርኩት።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የእኛዎቹ፣ ከደጋ የወረዱት። የጡት ልጅ የጡት እናቷ ቤት ልጅ ናት፣ የቤቱ ራስ ደግሞ ባል ነው ብለው ፈረዱ። ጡት የሰጠሁት እኔ ነኝ እንጂ እርሱ አይደለም፣ ማር የተቀባው የእኔ ጣት ነው ብላቸው አንደኛው "እንኳን ጣትሽ አንቺም የእርሱ ነሽ" አለኝ። ሌላው ለማጽናናት ብሎ የተናገረው ይበልጥ ቆረጠኝ። "ምን ያስለቅስሻል? አንቺስ ትልቅ ቤት ገብተሽ አይደለም ወይ ፊደል አውቀሽ፣ ባል አግብተሽ የተመለስሽው?" አለኝ። "የተመለስሽው" አለ። ሌሎቹ ወደ እርሱ ዞሩ፤ እርሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ማሽላ ማውራት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ አንድም የሺናሻ ልጅ አልመጣም። እናቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጫካው ጎጆ አስገብተዋቸዋል። ስሄድ በሩ ይዘጋል። በገበያ አንዷ "ማርሽ አለቀ ወይስ ገና ነው?" አለችኝ። አመለወርቅ እውነቱን ስነግራት አልጮኸችም። የቀረውን ንፍሮ ከድስቱ አውጥታ ለዶሮ በተነችው። "አንቺን አይቼ ነው የሰጠኋት" ነው ያለችኝ።

የኔታ ግን አሁንም በየቀትሩ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው "ሀ ግእዝ" ይላሉ። የሚመልስላቸው የለም። አንድ ቀን እዚያው ቆሜ ስሰማቸው "የመጣሽው ማን ነሽ? ካለሽ መልሺ" አሉኝ። መለስኩላቸው። እስከ ሐ ደረስንና አቆምኩ። እርሳቸውም ፊደሉን ትተው "ተነሺ፣ እንሂድ" አሉኝ። ወዴት ብላቸው "ልጅቷ ወዳለችበት ነዋ! ዓይን የለኝም እንጂ ምላስ አለኝ። ባለማሩ ጣት የማን እንደነበረ እመሰክራለሁ" አሉ።

ከዋኘው ቤት ወጥቻለሁ። ከየኔታ ጎጆ ጎን ነው ያለሁት። መጥቶ ቢጠራኝ አልወጣሁለትም። ሁለተኛ ሲመጣ የኔታ "ውሻችን ዓይን አለው፣ እንደ እኔ አይምሰልህ" ብለው መለሱት። ውሻ እንኳ የላቸውም።

ይህን የሚያደርስልዎ ዐወድ ይባላል፣ የአሶሳ ነጋዴ ነው። ዓባይ ሞልቶ ወደ አገሩ መሻገሪያ አጥቶ ከእኛ ጋር ከረመ፤ አሁን የቀረውን ሸቀጥ በደጋው ገበያ ሊሸጥ ይወጣል። ደብዳቤ ታደርስልኛለህ ወይ ስለው "ወረቀት ቀረጥ የለውም፣ እኔ ያደርሳል። ወላሂ፣ አንቺ ጨው ብትሰጠኝ ነው የሚከብደው" አለኝ። ከዚያ ጭነቱን እያሰረ "እሱ ልጅ ግን፣ ኢንሻአላህ፣ በእግሩ መጣ" አለ። እህል ውኃ አይከልክሉት፤ በሙስሊም እጅ ያልታረደ እንደማይበላም ለወጥ ቤቶቹ ይንገሩልኝ።

አሁን የዝና እርስዎ ግቢ ደርሳለች። ያልታወቀችዎ እንደሆነ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ገና እየበቀለ ነው። ስትፈራ አታለቅስም፣ ታንጎራጉራለች፤ ዝም በይ አይበሏት። ትልቁንም ትንሹንም፣ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የምትል፣ ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ስሟን አትለውጡባት። በጨለማ ከወጥ ቤቱ ጥግ አታስተኟት፤ ያ ጥግ ከጭሱ ይልቅ ከግድግዳው በኩል የሚመጣው ብርድ እንደሚከፋ እኔ አውቃለሁ። በቤትዎ ፊደል ከቆጠርነው ሴቶች ልጆች መካከል እዚያ የምተኛው እኔ ብቻ ነበርኩና።

ክፉ ነበሩ አልልም። ስታመም ሌሊቱን አጠገቤ ያደሩት እርስዎ ነዎት። አባን "ይህችንም አስተምሯት" ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ባይሉ ይህን ደብዳቤ አልጽፈውም ነበር። ይህንኑ እያሰብኩ ነው የደከመኝ። የሚወዱትን ሰው በምን ቃል እንደሚከሱ አላስተማሩኝም።

ከመስቀል በኋላ ጭቃው ሲጠነክር እንነሣለን። አመለወርቅ፣ ባሏ፣ የኔታ የዱላዬን ጫፍ ይዘው፣ እኔ። አያትየውም ካልሄድኩ ብላለች፤ በእግሯ አትችልም ብንላት "ያቺን ደጅ ማየት እፈልጋለሁ" አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም። የሺናሻ እናቶች የዝና በእግሯ ስትመለስ ካዩ ልጆቻቸውን ከጫካ እንደሚያወጡ በአያትየው በኩል ምለውልኛል። የዘንድሮው ትምህርት የሚጀመረው ያን ቀን ነው። በርዎ ላይ ስንደርስ ዘበኞቹ እንዳያቆሙን፤ ቢያቆሙንም እዚያው እንቀመጣለን። የኔታ እዚያው ዛፍ ካለ ያስተምራሉ።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ። ጉልበትዎን ያበርታልዎ፣ ጎተራዎን አይንሣዎ፣ የወለዷቸው ልጆች በዕርጅናዎ ይጡሩዎ። ያሳደጉበትን እጅዎን እስማለሁ።

ከእንግዲህ ግን በስሜ ልጅ ሲሰጥ አልቀበልም። በማር የተቀበልኩትን ልጅ እጅ መንሻ ሲሉት አልቀበልም። ዋኘው ባልሽ ነው ተመለሺ የሚለኝን ሽማግሌ አልቀበልም። የልጅ እናት "ልጄ የት ናት?" ብላ ስትጠይቅ፣ "ትልቅ ቤት ናት" ተብሎ የሚሰጣትን መልስ አልቀበልም። ስለ የዝናም፣ ከወጥ ቤቱ ጥግ ስለተኛችው ስለ ሌላዪቱም።

የየዝና የጡት እናት