የሸህ አሕመድኑር እንግዶች

ጥቅምት 8 ቀን 2005
ገብሱን አየሁት፣ ደህና ነው። ከአሱር ሶላት በኋላ አሕመድኑር መጣ፤ እንደ ልማዳችን አጥሬ ሥር ተቀመጥን። ባለቤቴ ብርሀንነሽ ካረፈች ወዲህ ከእሱ በቀር ማን ይመጣል... ወሬ ሳንጀምር ምስክር የሚባለው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ደረሰ። ከሱዳን፣ ከአንዲት ከተማ ሰዎች ሊመጡ ነው አለ። የእነሱንም ከተማ ጎርፍ ይበላታል፤ ከእኛ ጋር ተመካክረው ቦይ ሊቆፍሩ፣ ችግኝ ሊተክሉ። አረብኛ የሚያውቅ ስለጠፋ ሸሁን ይዞ ሄደ። እኔን ደህና ዋል ያለኝ የለም።

ጥቅምት 10
አልመጣም። ስብሰባ ነው አሉ። አሁን እሱ የቦይ ነገር ምን ያውቃል?

ጥቅምት 12
መጣ። ብቻውን ግን አይደለም፣ ከነምስክር ጋር። ኮት ለብሷል። ቦዩ በእኔ አጥር በኩል ካላለፈ ክረምት ከታች ያሉት ቤቶች ውሃ ይገባባቸዋል፣ አጥርህን አንድ እርምጃ ሳብ አድርግ አለኝ። እሱ ነው ያለኝ።
"ለሱዳኖችህ ንገራቸው" አልኩት። "በአረብኛ ይለምኑኝ።"
ምስክር ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ደግ አደረግሁ... ምስክር ብቻውን መጥቶ ቢጠይቀኝስ እሺ እል ነበር? እንጃ።

ጥቅምት 15
መጡ። ጀለቢያ የለበሱ ሁለት፣ ሱሪ የለበሰ አንድ። ከሰው ኋላ ቆሜ አየሁ። እነሱ አጭር ሲናገሩ እሱ ረጅም ያወራል፤ ሰዉ አፉን ከፍቶ ይሰማል። እስካሁን የተቆፈረው ቦይ አጥሬ ጋ ሲደርስ ያበቃል። እዚያ ቆመው ጠየቁት። የሆነ ነገር ነገራቸው፣ ሦስቱም ዞረው አጥሬን አዩ። ምን ብሎኝ ይሆን? ስስታም? ምሳ እንኳ አልበላ አለኝ።

ጥቅምት 16
ዛሬም ከእነሱ ጋር። ይመቸው።

ጥቅምት 18
እንግዶቹ ሄዱ። ከአሱር በኋላ መጣ። ቦታ አልለቀቅሁለትም፣ ተጠግቶ ተቀመጠ። ኮቱን አውልቋል። አጥሬን አየት አደረገና፦
"አሻግሬ፣ ግማሹን አልሰማኋቸውም" አለኝ። "የእኔ አረብኛ የኪታብ ነው። የእነሱ ይሮጣል። የቀረውን ከራሴ ሞላሁት።"
ስለ እኔስ ምን አልካቸው አልኩት።
"ወዳጄ ነው፣ ተቆጥቶብኛል አልኳቸው። እሷን በደንብ ሰሙኝ።"
ይህን ጉድ ለማን ነገርክ ስለው...
"ከአንተ ሌላ ለማን እነግራለሁ?" አለ።

ጥቅምት 19
ጠዋት አጥሩን ነቀልኩ። አንድ እርምጃ ብለው ነበር፣ ሁለት ሳብኩት። ምስክር መጥቶ አየና ሌላ ወሬ ጀመረ። ብልጥ ነው። በጥር የእኛም ሰዎች ወደ ሱዳኖቹ ከተማ ይሄዳሉ፣ ሸሁ ይሄዱ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። እኔን ነው የጠየቀኝ።
"ብቻውን አይሄድም" አልኩት።
"ታዲያ ከማን ጋር ይሂዱ፣ አያ አሻግሬ?"
ችካሌን መታሁ። እዚያ ይሞቃል ይላሉ... ጋቢዬ እዚህ ይቅር እንግዲህ።