በስልክ የማይነገረው

ልደታ፣ ጥር 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሸምሲያ። አላህ ጤናሽን ያብዛልሽ፤ እኛ ናፍቆትሽን ካልቆጠርነው ደህና ነን።

ይኸው በገዛ እጄ ጻፍኩልሽ! የማታ ትምህርት አስተማሪያችን «አብዱልጀባር፣ ፊደል ፈርቶህ ነው የተገዛልህ» ብላኛለች።

ሰው ስልክን እንዴት እንደሚለምድ ለዩኒቨርሲቲ ጥናትሽ ጠይቀሽኛል። ሰፈሩ ሁሉ የሚደውለው ከእኔ ስፌት ቤት ነው። ጎረቤታችን ጠጅቱ ለአማቷ ስትደውል ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቆማ ነው። «አያዩሽም እኮ!» ብላት፣ «ድምፄ ያሳብቅብኛል» አለችኝ።

መርዶ ለመንገር ግን ማንም አይደውልም፤ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው ነው የሚያረዱት። ይህንንም ጻፊው።

ልጄ ሰላሃዲን ከዘመተ ወዲህ አልጻፈም፤ ስንፍናው ከእናቱ ወገን ነው። ስልክ ሲጮህ ደስ ይለኛል። በማለዳ የሚያንኳኳ ደንበኛ ግን «ሱሪ ላሳጥር ነው» ብሎ ከደጅ ካልጮኸ አልከፍትም።

አላህ በሰላም ያገናኘን። ጸሐፊውም ፈራሚውም ወንድምሽ አብዱልጀባር።