የአባባ ሬዲዮ ድንጋዮች

ቦንጋ፣ ግንቦት 4 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሽ በእምነት፦

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከናፍቆትህና ከቦንጋ ጭቃ በቀር ደህና ነን።

አስቀድሜ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ፦ የአባባን ሬዲዮ ድንጋዮች ሰርቄ በበቆሎው ጆንያ ውስጥ ቀብሬያቸዋለሁ።

ጎረቤታችን ጋሽ ዋለ በዕድሜያቸው ከበር በቀር የመቱት ነገር የለም፤ አንተን ግን ከሬዲዮው ፊት፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ኳስ ያሠለጥኑሃል። አባባም ደጋፊዎችህ የሸለሙህን የክለቡን ሻርፕ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ለብሰው እየሄዱ ቄሱን ያስቁ ነበር።

ባለፈው እሑድ ፍጹም ቅጣት ምቱን ስትስት፣ እነዚያው ደጋፊዎች «ይውጣልን!» እያሉ ሲጮሁ በሬዲዮ ሰማን። ጋሽ ዋለ እንኳ ምክር አለቀባቸው። አባባ ሻርፑን አጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱት፤ እራትም አልበሉ።

ዛሬም ትጫወታለህ አሉ። ሬዲዮውም ሰው ነው፣ አንድ እሑድ ቢያርፍ ምን አለበት? ለመሆኑ አንተስ እንቅልፍ ትተኛለህ?

«ፀደንያ!»

አባባ ናቸው። ሻርፑን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ድንጋዮቹን አምጪ» አሉኝ። «ከሰደቡትም ብቻውን አይስማው።»

ጆንያውን ልፈታ ሄድኩ። በሰላም ግባ።

እህትህ ፀደንያ