ስምሽን የጠየቁኝ ቀን

እማዬ፣ የእኔ ደግ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር አለፈ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ኀዘኑ ስለከበደኝ ነው ብዬ ለሰው እናገራለሁ። ለአንቺ ግን አልዋሽም። አፍሬ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ጤና አዳምሽ በረንዳው ላይ አለ፤ አንዴ አድርቄው ነበር፣ እህቴ ሰላም ከኮንኮርድ መጥታ አዳነችው። እዚህ ሳን ሆዜ ትንከባከቢያት የነበረችው አሮጊት ልጅ ደውሎልኝ ነበር። እናቱ አዲሷን ኬርጊቨር በአንቺ ስም እየጠራች አስቸግራለች አለኝ። ክፍልሽን አልነካሁትም። ነጠላሽ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው።

ታውቂያለሽ፣ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ባዘጋጀ ቁጥር ማይኩ የእኔ ነበር። ሁሌ የምንጋብዛቸውን መምህር የማስተዋውቀው እኔ፣ የጥሪውን ወረቀት፣ ፍላየሩን፣ የምሠራው እኔ። በየዓመቱ የመምህሩ ፎቶ እየሰፋ፣ መስቀሉ እያነሰ ሄደና በመጨረሻ ጥግ ላይ ቀረ። አንቺ መነጽርሽን አድርገሽ መስቀሉን ስትፈልጊ፣ ዲዛይን አይገባሽም አልኩሽ። የዘመናችን ብርሃን፣ አንደበተ ወርቅ፣ የትውልዱ መምህር እያልኩ ሰባት ማዕረግ ያለ ወረቀት በቃሌ አወርድላቸው ነበር። ሕዝቡ በእልልታና በጭብጨባ ሲቀበላቸው ልቤ ይሞላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስታው ለእሳቸው አልነበረም። ከጉባኤው በኋላ "ዛሬማ አሳምረህ አስተዋወቅካቸው" የሚለኝን ሰው በር ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የተደረገው ያ ትልቁ ጉባኤ ትዝ ይልሻል? ሰው ሁሉ ከመምህሩ ጋር ፎቶ ለመነሣት ተሰለፈ። አንቺም ከወጥ ቤት ወጥተሽ ሽርጥሽን ሳትፈቺ ተሰለፍሽ። ስልክ አልያዝሽም። ተራሽ ሲደርስ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለሽ የሆነ ነገር ጠየቅሻቸው፤ መለሱልሽ፤ እሳቸውም መልሰው ጠየቁሽ። ወሬ ያራዘምሽ መስሎኝ ክንድሽን ይዤ ጎተትኩሽ። "እማዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" አልኩሽ፣ ሰው እየሰማ። ተከተልሽኝ። ስንመለስ 880 አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ሳለ ነው የተናገርሽው። "ያን ምስኪን ተወው ልጄ። ምስጋና እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው" አልሽኝ። እኔ ሳቅሁብሽ። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያስለቅስ ሰው ምስኪን መባሉ አሳቀኝ።

የቀብርሽ ዕለት የንስሐ አባትሽ አገር ቤት ነበሩ፤ ፍትሐቱን የመሩት ከሌላ ከተማ የመጡ፣ አንቺን የማያውቁ ካህን ናቸው። መምህሩም ሊያስተምሩ መጥተው ነበር። እኔ ምን ስሠራ ነበር መሰለሽ? አስከሬንሽ ፊት ተቀምጬ የመምህሩን ማስተዋወቂያ እጽፍ ነበር። ለአንቺ ቀን ትንሽ ላሳምረው ብዬ፣ በሰባቱ ላይ ሁለት ማዕረግ ልጨምር።

ካህኑ ጎንበስ ብለው "የክርስትና ስማቸው ማን ነው?" አሉኝ።

ለነፍስሽ የሚጸለየው በዚያ ስም መሆኑን አውቃለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠራሽ አስቴር ብሎ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያወጣችልሽን ስም ግን አርባ አንድ ዓመት ልጅሽ ሆኜ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም። ወደ ሰላም ዞርኩ። "አይ ዶንት ኖው" አለችኝ እያለቀሰች። ለንስሐ አባትሽ ደወልን፤ ስልካቸው አይሠራም። ካህኑ መጽሐፋቸውን ገልጠው ይጠብቃሉ፣ ሕዝቡ ይጠብቃል፣ አንቺም ትጠብቂያለሽ። እጄ ላይ ያለው ወረቀት የሌላ ሰው ማዕረግ ሞልቶበታል።

ያኔ ከኋላዬ መምህሩ ቀስ ብለው "ወለተ ሰንበት" አሉ።

ከቀብር በኋላ ወደ ጎን ወስደው ነገሩኝ። ያን ቀን ተሰልፈሽ የጠየቅሻቸው የክርስትና ስማቸውን ነበር፣ ልትጸልዪላቸው። እሳቸውም ያንቺን ጠይቀው ያዙ። "ሁሉም ስልክ ይዞ መጣ፤ ስሜን የጠየቁኝ እናትህ ብቻ ናቸው" አሉኝ። ቀጥለው ያሉኝ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። "መጀመሪያ ስታስተዋውቀኝ የማላውቀውን ሰው የምትጠራ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት። እየቆየ ግን፣ ካልጠራኸው ቅር ይለኝ ጀመር።" ጭብጨባ ወዳነሰበት ከተማ ላለመመለስ ሰበብ ይፈልጉ እንደነበርም አልደበቁኝም። ሲናገሩ ቀና ብለው አላዩኝም። እማዬ፣ ውሃው ሲወስዳቸው ዳር ቆሜ የማጨበጭበው እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ወር ዳዊትሽን ስገልጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የእኔው ፍላየር ነው። ከፊት የመምህሩ ፎቶ፤ ከጀርባው በእጅሽ የጻፍሻቸው የክርስትና ስሞች። የእኔ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ የሰላም፣ የጎረቤቶች፣ መጨረሻ ላይ የመምህሩ፣ ተክለ ሚካኤል። ያንቺ የለም። እስክሪብቶ አንሥቼ ከሥር ጻፍኩት። ማድረግ የቻልኩት ይኸው ነው።

መምህሩ ባለፈው እሑድ መጥተው ነበር። ማይኩን ይዤ "ዛሬ የሚያስተምሩን መምህር መጥተዋል፤ በጸሎት አስቧቸው" ብዬ ወረድኩ። ሰው ማይኩ የተበላሸ መስሎት ወደ ድምፅ ማጉያው ያያል። አንዲት ሴትዮ ምነው፣ አሞሃል እንዴ አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አሳመርክ ያለኝ የለም፤ ቅርም አለኝ። ገና አልዳንኩም እማዬ።

ይቅር በይኝ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት መኪናዬ ውስጥ ያን ወረቀት አወጣና ስሞቹን አንድ በአንድ እጠራለሁ፣ የእሳቸውንም ያንቺንም። የሙት ዓመትሽ ሲደርስ ካህኑ ጎንበስ ብለው ይጠይቁኛል። ያን ቀን እጄ ላይ ወረቀት አይኖርም፤ ወደ ማንም አልዞርም። ወለተ ሰንበት እላለሁ፤ እናቴ ናት እላለሁ።

ክንድሽን የጎተተው ልጅሽ