በሙታን ሰሞን የተገዛ ኮርሳ

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ዛሬ ብስክሌት ገዛሁ። ከፑኔ ወጣ ብሎ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ካለው ትልቁ የስፖርት ዕቃ መደብር። የሄድኩት ጫማ ልገዛ ነበር እኮ… ድንኳኑን፣ ኳሱን፣ የዋና ልብሱን አልፌ ስዞር ተደርድረው አየኋቸው። ኮርሳ። እጀታቸው እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ። ከሁሉም ርካሹን ያዝኩ፤ ግራጫውን። መደብሩ ጭር ብሏል፣ የሚጋፋ የለ፣ እንዴት ደስ ይላል።

ዕቃ መጫኛው የታለ ብዬ ስጠይቀው ሻጩ ሳቀ። “አክስቴ፣ ይሄ የእሽቅድምድም ነው፣ ምን ሊጭኑበት ነው?” ሽንኩርት ነዋ! ደወል የለውም። መቆሚያም የለውም። ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቆመው፣ እንደኔው።

በዚህ ዕድሜዬ… ምን ነካኝ?

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15

ጠዋት እስከ ዩኒቨርሲቲው አደባባይ ሄጄ ተመለስኩ። ወገቤ… ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት የምሄደው በብስክሌት ነበር፤ እንዲህ ታጥፌ ግን አይደለም። ግን ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ሲያፏጭ የሆነ ሰው አብሮኝ ያለ ይመስላል። ባሌ ሽሪፓድ በሕይወት ሳለ ጋዜጣውን ጮክ ብሎ ሳያነብልኝ ሻይ አይቀምስም ነበር። አሁን ሻዩ ብቻ ነው ያለው።

ብስክሌተኞች በቡድን አለፉኝ። አንዷ ዞር ብላ የኔን አየችና “ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ አክስቴ” አለች። ምን ብዬ ልመልስላት ስል ሄዳለች። ዛሬ ያናገረኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17

ፑሽፓ መጣች። የባሌ የታላቅ ወንድሙ፣ የጋሼ ሱዳም ሚስት። በሩ ላይ ብስክሌቱን አይታ ተገተረች።

መቼ ገዛሽው? እሑድ። “በሙታን ሰሞን?!”

ክው አልኩ። ረስቼው! ሙታን ወደየቤታቸው በሚመጡበት በዚህ ሰሞን እንኳን ብስክሌት መርፌ አይገዛም። ለካ መደብሩ ጭር ያለው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል እያልኩ…

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

ጋሼ ሱዳም ደወሉ። መደብሩ መልሶ ይቀበላል አሉ፤ እሑድ ለሽሪፓድ መብል ሳናቀርብ ብስክሌቱ ከቤት ይውጣ። ባሏ የሞተባት ሴት መንገድ ለመንገድ ምን ትፈልጋለች ብለውም ጨመሩበት። ልጄ ኒናድም ከባንጋሎር ደወለ። “እማዬ፣ መልሺውና እኛ ጋ ነይ በቃ።” እነሱ ጠዋት ሥራ ይሄዳሉ። እዚያም ብቻዬን… እዚህ ቢያንስ መንገዱን አውቀዋለሁ።

ከመለስኩት ጠዋት ለምን ብዬ እነሳለሁ?

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

አልመለስኩትም። እስከ ደረጃው ገፋሁት፣ እጄ እምቢ አለ።

ጋሼ ሱዳም ገብተው አዩት። ጣሪያው ላይ ወጣንና የሽሪፓድን የሩዝ ድቡልቡል በሙዝ ቅጠል አቀረቡለት። ቁራ ካልነካው ሟቹ ቅር ያለው ነገር አለ ማለት ነው፤ እኛም አንበላም። ቁራው የውሃ ታንከሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያየናል። አይወርድም።

ጋሼ ሱዳም እንደ ወጉ ቃል ይገቡለት ጀመር። “ማንዳን እንጦራታለን” አሉ፤ እኔን ነው። ቁራው ላባውን ያካል። ኒናድን እንደ ልጃችን… ምንም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በመጨረሻ ወደኔ ዞረው አንቺው በይ አሉኝ። ምን እንድል እንደፈለጉ ገብቶኛል።

“ብስክሌቱን እመልሳለሁ” አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

ቁራው ብድግ ብሎ ራቅ ያለ አንቴና ላይ አረፈ።

ፑሽፓ ስኳር አለባት፤ ከዚህ በላይ መራብ አልቻለችም። “ሰውዬ፣ ለከርሞ ለኔም ሩዝ ልታቀርብልኝ ነው? ብስክሌቷን ተውላት!”

ጋሼ ሱዳም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ሽሪፓድ፣ ብስክሌቱ እሷ ጋ ይቆይ። እንዳሻት ትንዳው” አሉ።

ወረደ። በላ።

እነሱ ወደ ምግቡ ተጣደፉ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ምነው ትንሽ ቢግደረደር? ከበላ እኮ ሽሪፓድም ይሄዳል…

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 24

ዝናብ። አልወጣሁም። ማንም አልደወለም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2

የዳሼራ በዓል። መኪናውም ሞተሩም አበባ የሚያጠልቅበት ቀን። ጋሼ ሱዳም ሳልጠራቸው መጡ፣ ቢጫ የአበባ ጉንጉን ይዘው። ለሞተ ሰው የተገባ ቃል በግማሽ አይቀርም አሉ። “ይሄስ ምኑ ላይ ይታሰራል?” እያሉ ከእጀታው ጋር ሲታገሉ ሳቄ መጣ። ሻይ ላፍላልዎት ብላቸው ፑሽፓ ትጠብቀኛለች ብለው ሄዱ። እሳቸውን የሚጠብቅ ሰው አለ…

ወጣሁ። ከአደባባዩ አልተመለስኩም፤ አልፌው ወደ ፓሻን ዳገት። አጋማሹ ላይ ትንፋሼ አለቀና ወርጄ ገፋሁት፣ ደግሞ ወጣሁበት። አበባው እየረገፈ መንገዱ ላይ ቀረ፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ቢኖር በእሱ ተከትሎ ያገኘኝ ነበር።

ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልይዝ ወረድኩት።