ያልጻፍኩት ስም

ልደታ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሩሃማ
ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበትሽ? በመጀመሪያ የሰማሽውን ላርም። እትዬ ወርቅዬ የአባታችሁን ኑዛዜ ደብቃ፣ ውርስ አጣሪ ለመሆን ፍርድ ቤት ትመላለሳለች ተብሎ ስለ እኔ ተወርቷል። ኑዛዜው ከምስክሮቹ አንዱ በሆኑት በጎረቤታችን በሀጂ ጀይላን እጅ ነው። ፍርድ ቤት የሄድኩትም አንድ ቀን፣ ሕጉን ለመጠየቅ ነው።

የሆነው ይህ ነው። እሑድ በአባትሽ ተዝካር ላይ ወንድምሽ በሱፍቃድ ተነሥቶ፣ የበኩር ልጅ ስለሆነ አጣሪው እሱ መሆኑን ተናገረ። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ቦጂያ ጉርሻቸውን እንኳ ሳይውጡ «ይገባዋል» አሉ፤ ተዝካር ላይ ተጨበጨበ። ሰኞ ጠዋት የጌጃ ሰፈሩ የአባትሽ ስፌት ቤት ቁልፍ ተቀይሯል። አባትሽ ለአንቺ የተናዘዘልሽን ሁለቱን የስፌት መኪናዎች ገዢ እያያቸው ነው።

እድር ድንኳን ይተክላል እንጂ አጣሪ አይሾምም። ኑዛዜው አጣሪ ካልሰየመ ወራሾቹ ሁሉ አብረው አጣሪ ናቸው። ካልተስማሙ አንዳቸው ያመለክታል፤ ፍርድ ቤቱ ከእነሱ ወይም ከውጭ ሰው ይሾማል። ይህን ስነግረው በሱፍቃድ አስተማሪነቴን አንሥቶ «እትዬ፣ ፈተና የሚያርሙ መሰለዎት?» ብሎ ሳቀብኝ። ከእሱ ይልቅ ያናደድሽኝ ግን አንቺ ነሽ። አንቺም ወራሽና አጣሪ ሆነሽ ሳለ በስልክ «እንደፈለጋችሁ አድርጉት» ትያለሽ?

ለምን አጣሪ እንዳልተሰየመ ማንም አልጠየቀኝም። ኑዛዜውን አባትሽ እየተናገረ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ «አጣሪዋ አንቺ ነሽ፣ ጻፊው» አለኝ። በገዛ እጄ ስሜን መጻፍ ነውር መሰለኝና «ይታወቃል» ብዬ ብዕሬን ከደንኩ። ምስክሮቹ ፊት ሲነበብም ዝም አልኩ። የሰው ደብዳቤ ለአንድ ነጥብ ጉድለት የምመልሰው እኔ፣ ወንድሜ ያዘዘኝን መስመር አስቀረሁ።

ማመልከቻ አርቅቄ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የአጣሪው ስም የሚገባበትን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ፤ አስበሽ ሙዪና ሳትውዪ ሳታድሪ ፈርመሽ መልሺልኝ። የእኔን ስም እንዳትጽፊ።

የአባትሽ አምላክ ልብሽን ያበርታ፤ ጾሙን በጤና ያስፈታሽ።

ነገ መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት እሰጣለሁ፣ ሐሳቤን ቀይሬ እንዳልቀደው። ከዚያ ከሀጂ ጀይላን የኑዛዜውን ቅጂ እቀበላለሁ። ከዚያ በበሱፍቃድ በር ላይ ቆሜ፣ አባቱ ምን ብሎኝ እንደነበር እና ምን እንዳደረግሁ በአፌ እነግረዋለሁ።

አክስትሽ ወርቅዬ